ቅርጹ አንድ፣ ቋንቋው ሌላ፦ ስለ ቆዩ ኮምፒውተሮች ኪቦርድና ፖርት

(የመግቢያ ዜማ፤ ከፍ ብሎ ይሰማል፤ ቀስ በቀስ ይወርዳል)

በአቦምሳ ከተማና በመርቲ ወረዳ፣ በጀጁ፣ በመተሐራ፣ በአዳማና በስምጥ ሸለቆው ከተሞች ሁሉ የምትከታተሉን አድማጮቻችን፣

የዛሬው ትምህርታችን ስለ ቆየ ዴስክቶፕ ኮምፒውተር ነው። በተለይም ኪቦርድና ማውስ ስለሚሰኩባቸው ቀዳዳዎች፣ ባለሙያዎች ፖርት ስለሚሏቸው እንነጋገራለን። እንዲህ ያለ ማሽን በአጠገባችሁ ካለ ጀርባውን ወደ እናንተ አዙሩትና አብረን እንይ። ከሌለም ግድ የለም፤ እኛ በቃል እያሳየናችሁ እንሄዳለን። ወረቀትና እስክርቢቶ ግን ያዙ፤ ዝግጅቱ ሲያልቅ ሦስት ጥያቄ አለን።

"ላፕቶፕና ስማርት ስልክ በሞላበት ዘመን የአሮጌ ኮምፒውተር ወሬ ምን ያደርጋል?" የሚል አድማጭ አይጠፋም። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱን ለማግኘት ግን ከመንገድ ዳር ወዳሉት የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤቶች ጎራ ማለት ይበቃል። ማመልከቻው፣ የቤት ኪራይ ውሉ፣ የተማሪው የሥራ ልምምድ ሪፖርት፣ የሠርጉ ጥሪ ብዙውን ጊዜ የሚጻፈው ዓመታት ባስቆጠረ ዴስክቶፕ ነው። በየትምህርት ቤቱ የኮምፒውተር ክፍልም ያው ነው። አዲስ ዕቃ ከውጭ የሚገባው በውጭ ምንዛሪ ስለሆነ ያለውን ጠግኖ ማሠራት ግዴታ ይሆናል።

ሌላም ምክንያት አለ፤ እሱም የድሮ ሰነድ ነው። የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ፣ ማለትም ዓለም በሙሉ በተስማማበት የፊደላት ቁጥር አሰጣጥ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ዩኒኮድ 3.0 ነው። ከዚያ በፊት የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራሞች ለየፊደሉ የየራሳቸውን ቁጥር ይሰጡ ነበር። ስለዚህ በቀድሞው ፓወር ግዕዝ ወይም በቪዥዋል ግዕዝ የተጻፈ የቆየ ደብዳቤ ፎንቱ በሌለበት አዲስ ማሽን ሲከፈት የላቲን ፊደልና የምልክት ድብልቅልቅ ሆኖ ይመጣል። ብዙ መሥሪያ ቤት አንዲት አሮጌ ኮምፒውተር ጥግ ላይ አስቀምጦ የሚንከባከበው ለዚህ ነው። የዓመታት ደብዳቤ በትክክል የሚነበበው እሷ ላይ ብቻ ይሆናል። የእሷ ኪቦርድ ሲበላሽና ከገበያ የተገዛው አዲሱ አልገባ ሲል ታዲያ ሥራው ይቆማል።

(አጭር ዜማ)

ክፍል አንድ፤ የማሽኑን ጀርባ ማወቅ።

ከመጀመራችን በፊት ኮምፒውተሩን አጥፉ፤ ገመዱንም ከሶኬት ንቀሉ። አሁን ጀርባውን ተመልከቱ። ቀዳዳዎቹን በስም መሸምደድ አያስፈልግም፤ ቅርጻቸውን አይቶ ፒናቸውን መቁጠር ይበቃል።

መጀመሪያ ክቦቹን ፈልጉ። ብዙ ማሽኖች ላይ ሁለት ትንንሽ ክብ ቀዳዳዎች ጎን ለጎን ወይም አንዱ ከሌላው በላይ ሆነው ታገኛላችሁ። አንዱ ሐምራዊ፣ ሌላው አረንጓዴ ነው። ሐምራዊው የኪቦርድ፣ አረንጓዴው የማውስ ነው። እነዚህ ፒኤስ ቱ ይባላሉ። የክቡ ስፋት ዘጠኝ ሚሊ ሜትር ተኩል ያህል ነው፤ ስድስት ጥቃቅን ቀዳዳዎችና በመካከላቸው አንድ አራት ማዕዘን ክፍተት አለው። በቆዩት ላይ ሁለቱም ጥቁር ሊሆኑ ይችላሉ፤ ያኔ ከጎናቸው የተሣለችውን የኪቦርድ ወይም የማውስ ሥዕል ተመልከቱ። በቅርብ ዘመን በተሠሩት ላይ ደግሞ አንድ ክብ ብቻ፣ ግማሹ ሐምራዊ ግማሹ አረንጓዴ ሆኖ ሊገኝ ይችላል፤ ይኼ ሁለቱንም ይቀበላል።

ክቡ ከዚህ ከተለቀ፣ ስፋቱም ወደ 13 ሚሊ ሜትር ከሆነና አምስት ቀዳዳ ካለው፣ እጅግ የቆየ ማሽን ፊት ናችሁ። ይኼኛው ዲን ይባላል።

ቀጥሎ በግራና በቀኝ ብሎን ያላቸውን ሰፋፊዎቹን እዩ። ዘጠኝ ፒን ያለው፣ ፒኖቹም ወደ ውጭ የወጡት፣ ሲሪያል ፖርት ነው። ሃያ አምስት ቀዳዳ ያለው ረጅሙ የድሮ ፕሪንተር የሚሰካበት ፓራለል ነው። አሥራ አምስት ቀዳዳ በሦስት ረድፍ ካያችሁ እሱ የስክሪኑ ነው፤ ቪጂኤ ይባላል። በመጨረሻም ፍላሽ የምትሰኩበት ጠፍጣፋው ዩኤስቢ አለ፤ እሱን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ።

ክፍል ሁለት፤ ቅርጽና ቋንቋ።

የዛሬው ትምህርት እንብርት እዚህ ላይ ነው። ሰው ኪቦርድ ሲገዛ የሚያየው ሶኬቱ ወደ ቀዳዳው መግባቱን ነው። ከገባ ይሠራል፣ ካልገባ አይሠራም ብሎ ያስባል። በአቦምሳ ገበያ አንድ ዓይነት ጋቢ የለበሱ ሁለት ሰዎች ብታዩ አንድ ቋንቋ ይናገራሉ ብላችሁ አትደመድሙም፤ የኪቦርድም ነገር እንዲሁ ነው። ሶኬቱ አለባበሱ ነው። በገመዱ ውስጥ ከኮምፒውተሩ ጋር የሚነጋገርበት ሥርዓት፣ በሙያው ፕሮቶኮል የሚባለው፣ ቋንቋው ነው።

ታሪኩ ይህን ቁልጭ አድርጎ ያሳያል። አይቢኤም የመጀመሪያውን ፒሲ ለገበያ ያቀረበው እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1981 ነው። ኪቦርዱ 83 ቁልፎች ነበሩት፤ የሚሰካውም በአምስት ፒኑ ዲን ነበር። ያ ኪቦርድ ወደ ኮምፒውተሩ መናገር እንጂ ከኮምፒውተሩ መስማት አይችልም ነበር። በ1984 ኤቲ የሚባለው ማሽን ሲመጣ ኪቦርዱ መናገርም መስማትም ቻለ። ካፕስ ሎክ ስትጫኑ የምትበራዋን መብራት አስቡ፤ እንድትበራ የሚያዛት ኮምፒውተሩ ነው። ቋንቋው ይህን ያህል ሲለወጥ ሶኬቱ ግን ያው አምስት ፒኑ ዲን ሆኖ ቀረ። ስለዚህ የ1981ን ኪቦርድ የ1984 ማሽን ላይ ብትሰኩት ልክክ ብሎ ይገባል፤ አይሠራም እንጂ። በዚያ ዘመን የተሠሩ አንዳንድ ኪቦርዶች ከሥራቸው ትንሽ ማዞሪያ የነበራቸው ለዚህ ነው፤ ወደ አንዱ ጎን ስትገፉት የድሮውን፣ ወደ ሌላው ስትገፉት የአዲሱን ቋንቋ ይናገራሉ።

በ1987 ደግሞ ነገሩ ተገለበጠ። አይቢኤም ፒኤስ ቱ የተባሉትን ማሽኖች ሲያወጣ ሶኬቱን አሳንሶ ስድስት ፒን አደረገው። የኪቦርዱ ቋንቋ ግን የኤቲው ነው፤ አልተነካም። ስለዚህ ትልቁን ክብ ወደ ትንሹ የሚያገናኝ ተራ መሸጋገሪያ በቂ ነው። ውስጡ ሽቦ እንጂ ሌላ ነገር የለውም፤ ይሠራልም።

ቀጥሎ እ.ኤ.አ. በ1996 ዩኤስቢ መጣ። እዚህ ላይ ቅርጹም ቋንቋውም አብረው ተለወጡ። የፒኤስ ቱ ኪቦርድ ቁልፍ ሲነካ ሳይጠየቅ ይናገራል፤ ኮምፒውተሩም የያዘውን ሥራ ለቅጽበት አቋርጦ ይሰማዋል። የዩኤስቢ ኪቦርድ ግን እስኪጠየቅ ይጠብቃል። ኮምፒውተሩ በሴኮንድ ብዙ ጊዜ፣ በተለመደው አሠራር 125 ጊዜ ያህል፣ "የተነካ ቁልፍ አለ?" እያለ ይጠይቀዋል።

ከዚህ በመነሳት ብዙ ሰው የሚሸወድበትን ነገር እንይ። ከማውስ ወይም ከኪቦርድ ጋር አብራ የምትመጣ፣ አንድ ጫፏ ዩኤስቢ የምትቀበል፣ ሌላው ጫፏ ክብ የሆነች ትንሽ አረንጓዴ ወይም ሐምራዊ መሸጋገሪያ አለች። ሰው ይችን ከመሳቢያ አውጥቶ ያገኘው ኪቦርድ ሁሉ ላይ ይሰካታል፤ ሳይሠራ ሲቀር "ፖርቱ ተቃጥሏል" ይላል። ፖርቱ አልተቃጠለም። መሸጋገሪያዋ ሽቦ ብቻ ናት፤ ማስተርጎም አትችልም። የምትሠራው ሲመረት ጀምሮ ሁለቱንም ቋንቋ እንዲያውቅ በተደረገ ኪቦርድ ወይም ማውስ ላይ ብቻ ነው። ዛሬ የሚሸጡት አብዛኞቹ ዩኤስቢ ኪቦርዶች የሚያውቁት አንዱን ነው።

አስተርጓሚ ስትፈልጉ የምትገዙት ኮንቨርተር ነው። በብዛት የሚገኘው አንድ ዩኤስቢና ሁለት ክብ ጫፍ ያለው ባለ መንታ ገመድ ሲሆን፣ በመካከሉ ወይም በጫፉ ወፈር ያለ ፕላስቲክ ይታያል። በዚያ ውስጥ ቋንቋ የሚቀይር ቺፕ አለ። ይኼኛው አሮጌ ኪቦርድን ከአዲስ ኮምፒውተር ጋር ያገናኛል። የተገላቢጦሹን፣ ማለትም አዲስ ዩኤስቢ ኪቦርድን ከአሮጌ ክብ ቀዳዳ ጋር አያገናኝም፤ ለዚያ የሚሠራው መሣሪያ ሌላ ነው፤ እንደ ልብም አይገኝም። ወደ አዳማ ዕቃ ልትገዙ ስትሄዱ የቀዳዳውንና የሶኬቱን ፎቶ በስልካችሁ ይዛችሁ ሂዱ። ባለሱቁን "ይገባል ወይ?" ብቻ ብላችሁ አትጠይቁት፤ "ቺፕ አለው ወይ? ከየትኛው ወደ የትኛው ነው የሚቀይረው?" በሉት። ከተቻለም እዚያው አስሞክሩት።

(አጭር ዜማ)

ክፍል ሦስት፤ ኪቦርዱ ምን ይልካል?

ኪቦርድ ፊደል አያውቅም። ይህን ስንል የምትገረሙ ትኖራላችሁ፤ ግን እውነት ነው። በፒኤስ ቱ ኪቦርድ ላይ "ኤ" የሚል የላቲን ፊደል የተጻፈበትን ቁልፍ ስትጫኑ በገመዱ የሚሄደው 28 የሚል ቁጥር ነው። ጣታችሁን ስታነሡ ደግሞ 240፣ አስከትሎም 28 ይልካል፤ "ያ ቁልፍ ተለቀቀ" ማለቱ ነው። ቁጥሩን ተቀብሎ "ኤ" ወይም "አ" የሚያደርገው ኮምፒውተሩ ላይ የተጫነው ፕሮግራም ነው። አንዱ ኪቦርድ ጠዋት በአፋን ኦሮሞ፣ ከሰዓት በአማርኛ፣ ማታ በእንግሊዝኛ የሚጽፈው በዚህ ምክንያት ነው።

ይህ ለጥገና ምን ይጠቅማል? ፊደሉ ተዘበራርቆ ሲመጣ ጥፋቱ ከኪቦርዱ ላይሆን ይችላል፤ የቋንቋ ምርጫው ወይም ፎንቱ ተቀይሮ እንደሆነ መጀመሪያ አጣሩ። አንድ ቁልፍ ብቻ ጨርሶ እንቢ ሲል ግን ጥፋቱ የዕቃው ነው።

ቶሎ የሚያልቁት ቁልፎችም በምንጽፈው ቋንቋ ይወሰናሉ። አማርኛ በድምፅ አጻጻፍ ሲተየብ አብዛኛው ፊደል ሁለት ምት ይፈልጋል፤ መጀመሪያ ተነባቢው፣ ቀጥሎ አናባቢው። ስለዚህ አናባቢዎቹን የተሸከሙት ጥቂት ቁልፎች ቀን ከሌት ይደበደባሉ። ከ1984 ዓ.ም. ጀምሮ በቁቤ የሚጻፈው አፋን ኦሮሞ ደግሞ ረጅሙን አናባቢ ሁለት ጊዜ ስለሚጽፍ እነዚያኑ ቁልፎች ያደክማል፤ ሁዻ የሚባለውን በጉሮሮ የሚቆም ድምፅ ለማመልከት የሚያገለግለውን ጭረትም ደጋግሞ ይፈልጋል። ጭረቱ ያለው ከኢንተር ቁልፍ አጠገብ ነው። እንግሊዝኛ ብቻ የሚጽፍ ሰው ያ ቁልፍ ቢሞት ቀኑን ሙሉ ላያስተውል ይችላል፤ የአፋን ኦሮሞ ጸሐፊ ግን አንድ አንቀጽ ሳይጨርስ ያውቀዋል። ያገለገለ ኪቦርድ ስትገዙ እንግዲህ በመጀመሪያ የምትፈትኗቸው አናባቢዎቹን፣ ያችን የጭረት ቁልፍ፣ ሺፍትንና ስፔስን ይሁን።

(የበር መከፈት ድምፅ፤ ከሩቅ የፎቶ ኮፒ ማሽን ይሰማል)

አሁን ደግሞ አጭር ጭውውት እናሰማችሁ። ቦታው ጽሕፈት ቤት ነው። ተነጋጋሪዎቹ ባለቤቷና የኮምፒውተር ጠጋኙ ወጣት ናቸው።

ባለቤቷ፦ ግባ ልጄ፣ ግባ! በሰዓቱ ደረስክልኝ። ሰው ተሰልፎብኛል።

ጠጋኙ፦ እንዴት አደሩ፣ አዴ? ምን ሆነ ደግሞ?

ባለቤቷ፦ ምን እንደሆነማ እኔም አላወቅሁት። ለቅሶ ሄጄ ቤቱ ተዘግቶ ሰንብቶ ነበር። መጥቼ ብከፍተው ጥቁር ስክሪን ላይ ነጭ ጽሑፍ አምጥቶ ቀጥ አለ።

ጠጋኙ፦ ቆይ ላንብበው... ቀኑና ሰዓቱ ጠፍቷል፣ ለመቀጠል ኤፍ 1ን ተጫኑ ነው የሚለው።

ባለቤቷ፦ እሱንማ አነበብኩት! ኤፍ 1ን ጣቴ እስኪላጥ ቀጠቀጥኩት። ኪቦርዱ ሞተ ብዬ አዲስ ገዛሁ። እሱም ያው!

ጠጋኙ፦ አዲሱም ባለ ዩኤስቢ ነው?

ባለቤቷ፦ እና በዚህ ዘመን ሌላ ምን ይሸጣሉ?

ጠጋኙ፦ ይኼ ከመደርደሪያው ሥር አቧራ የጠጣውስ? ክብ ሶኬት ያለው?

ባለቤቷ፦ ኧረ እሱማ የጥንት ነው! ቅዳሜ ልጥለው ብዬ ነው ያወጣሁት።

ጠጋኙ፦ እንኳንም አልጣሉት። መጀመሪያ ማሽኑን ላጥፋው... ከሶኬትም ልንቀለው... አሁን ክቡን ሐምራዊው ላይ ልሰካ። ይኸው፤ ያብሩት።

(የኮምፒውተር መነሻ ድምፅ)

ጠጋኙ፦ አሁን ኤፍ 1ን ይጫኑ።

ባለቤቷ፦ ኧረ! አለፈ! አንተ ልጅ፣ ምን አደረግከው?

ጠጋኙ፦ ምንም። የቀን መያዣ ባትሪው አልቆ ነው። የእጅ ሰዓት ባትሪ የመሰለች ክብ ናት፤ እቀይርልዎታለሁ። አሮጌውን ኪቦርድ ግን ጠርገው ያስቀምጡት፤ መውጫውን በር የሚከፍተው እሱ ነው።

(አጭር ዜማ)

ባለቤቷ ኪቦርድ በከንቱ ገዙ። ለምን? ኮምፒውተር ሲነሣ መጀመሪያ የሚሠራው ዊንዶውስ ሳይሆን በዋናው ሰሌዳ፣ በማዘርቦርዱ ላይ ያለው ባዮስ የሚባለው ትንሽ ፕሮግራም ነው። በአንዳንድ የቆዩ ማዘርቦርዶች ላይ ባዮስ የዩኤስቢ ኪቦርድን የሚሰማው እንዲሰማ ከተፈቀደለት ብቻ ነው። ፈቃዱ "ዩኤስቢ ሌጋሲ ሰፖርት" ወይም "ዩኤስቢ ኪቦርድ ሰፖርት" በሚል ስም ባዮስ ውስጥ ተቀምጧል። እሱንም፣ ቀንና ሰዓቱንም የምትጠብቀው ሲአር 2032 የምትባል ባለ 3 ቮልት ክብ ባትሪ ናት። ባትሪዋ አልቃ ማሽኑ ከሶኬት ተነቅሎ ወይም መብራት ጠፍቶ ሲሰነብት ሁሉም ይጠፋና ማሽኑ ወደ ፋብሪካው ልማድ ይመለሳል። ልማዱ ዩኤስቢን አለመስማት ከሆነ፣ "ኤፍ 1ን ተጫኑ" ብሎ ይጠይቃል፤ ስትጫኑ ግን አይሰማም። የፒኤስ ቱን ኪቦርድ ግን ያለ ማንም ፈቃድ ይሰማል።

መፍትሔው ሦስት እርምጃ ነው። ማሽኑን አጥፍታችሁ ከሶኬት ንቀሉና ባትሪዋን ቀይሩ። በክቡ ኪቦርድ እለፉ። ዲሊት ወይም ኤፍ 2ን ተጭናችሁ ባዮስ ውስጥ ግቡና የዩኤስቢውን ፈቃድ ክፈቱ።

ይህ የድሮ ማሽን ችግር ብቻ እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2015 ኢንቴል ስካይሌክ የተባሉትን ፕሮሰሰሮች ሲያወጣ፣ በአዳዲሶቹ ማዘርቦርዶች ላይ ዊንዶውስ 7ን ለመጫን የሞከሩ ሰዎች በዓለም ዙሪያ ተመሳሳይ ነገር ገጥሟቸዋል። መጫኛው አዲሱን የዩኤስቢ መቆጣጠሪያ ስለማያውቀው ኪቦርዱም ማውሱም መሐል መንገድ ላይ ዝም አሉ። አንዱ መውጫ ያው ባለ ክብ ሶኬቱ ኪቦርድ ነበር።

ክፍል አራት፤ አሰካክና ጽዳት።

የዩኤስቢ ዕቃ ኮምፒውተሩ በርቶ ሳለ ሊሰካና ሊነቀል ይችላል፤ ሲሠራም ለዚያ ታስቦ ነው። ፒኤስ ቱ ግን አልታሰበለትም። ከስድስቱ ፒኖች የሚሠሩት አራቱ ናቸው፤ አንዱ 5 ቮልት ያመጣል፣ አንዱ መመለሻ ነው፣ አንዱ መረጃውን፣ አንዱ ደግሞ የመረጃውን ምት ይይዛል። ማሽኑ በርቶ ሳለ ስትሰኩ ሶኬቱ ካዘነበለ ኃይሉ ካልታሰበበት ፒን ጋር ሊነካካ ይችላል። ያኔ ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ትንሽ ፊውዝ ወይም መቆጣጠሪያው ቺፕ ሊቃጠል ይችላል። ባይቃጠልም እንኳ ብዙ ማሽኖች መሐል ላይ የተሰካን የፒኤስ ቱ ኪቦርድ እንደገና እስኪነሡ ድረስ አያውቁትም። ስለዚህ ደንቡ አጭር ነው፤ አጥፉ፣ ስኩ፣ አብሩ።

ስትሰኩ አታስገድዱ። በሶኬቱ ውስጥ አንድ ጥቁር አራት ማዕዘን ፕላስቲክ አለ፤ እሱን ቀዳዳው ላይ ካለው አራት ማዕዘን ክፍተት ትይዩ አድርጋችሁ በቀስታ ግፉ። እያሽከረከሩ መፈለግ ፒን ያጣምማል። ፒን ከተጣመመ በመርፌ ወይም በጉጠት አትታገሉት። ቀለሙ ያለቀ የእስክርቢቶ ቀጭን ቱቦ ወስዳችሁ በተጣመመው ፒን ላይ አጥልቁና ቀስ እያላችሁ አቅኑት። አንድ ጊዜ የተጣመመ ይቃናል፤ ሁለት ሦስት ጊዜ ወዲያና ወዲህ የተመላለሰ ግን ይሰበራል።

ኪቦርዱንና ማውሱን አቀያይራችሁ ብትሰኩስ? አትደንግጡ፤ ብዙውን ጊዜ አይቃጠልም። ዝም ብሎ አይሠራም። አጥፉና በየቀለሙ መልሱት።

ወደ ጽዳቱ እንምጣ። የኛ አካባቢ አቧራ በሙቀቱ ላይ ተጨምሮ ለኪቦርድ ጠላት ነው። ኪቦርዱን ንቀሉ፤ ዘቅዝቃችሁ ጀርባውን በመዳፋችሁ መታ መታ አድርጉት። የሚረግፈውን የዳቦ ፍርፋሪና አቧራ ስታዩ ትደነቃላችሁ። ቀጥሎ በለስላሳ የቀለም ብሩሽ በቁልፎቹ መካከል ጥረጉ።

ስኳር ያለው ሻይ ከፈሰሰበት ግን መጥረግ አይበቃም። ወዲያው ንቀሉ፤ ዘቅዝቁት። ከዚያ ለመፍታት ከወሰናችሁ መጀመሪያ የቁልፎቹን አቀማመጥ በስልካችሁ ፎቶ አንሡ። ከጀርባው ያሉትን ብሎኖች ፈትታችሁ ስትከፍቱት ሦስት ስስ የላስቲክ ወረቀቶች ተደራርበው ታያላችሁ። ላይኛውና ታችኛው ላይ ቀጫጭን መስመሮች ታትመዋል፤ መካከለኛው በየቁልፉ ትይዩ ቀዳዳ አለው። ቁልፍ ስትጫኑ ላይኛው መስመር በቀዳዳው በኩል ታችኛውን ይነካል፤ ኪቦርድ ማለት በመሠረቱ ይኼው ነው። ሻዩ በመካከላቸው ገብቶ ሲደርቅ ወይ እንዳይነካኩ ያደርጋል፣ ወይ አጣብቆ ያስቀራቸዋል። በትንሹ በረጠበ ንጹሕ ጨርቅ ጥረጓቸውና በጥላ አድርቁ፤ ፀሐይ ላይ ካሰጣችኋቸው ይጣመማሉ። የላስቲክ ቁልፎቹን በሳሙና ውሃ ማጠብ ይቻላል። ገመዱ የሚገናኝበትን ትንሽ ሰሌዳ ግን ውሃ አታስነኩት። ሁሉም አጥንቱ ድረስ ሳይደርቅ መልሳችሁ አትግጠሙ።

ክፍል አምስት፤ ሲሪያልና ፓራለል።

በዚህ ላይ አጠር እናድርግ። ዘጠኝ ፒኑ ሲሪያል መሠረቱ አርኤስ 232 የሚባል እ.ኤ.አ. በ1960 የወጣ ደረጃ ነው። ማውስ በእሱ ይሰካበት የነበረ ዘመን አልፏል፤ እሱ ራሱ ግን አላለፈም። ብዙ የመኪና ሚዛኖች፣ አንዳንድ የሽያጭ መመዝገቢያዎችና የላቦራቶሪ መሣሪያዎች ዛሬም በእሱ ይነጋገራሉ። ሃያ አምስት ቀዳዳው ፓራለል ደግሞ በካርቦን ወረቀት ብዙ ቅጂ በአንድ ጊዜ የሚመቱትን፣ ጭር ጭር የሚሉትን ነጥብ መቺ ፕሪንተሮች ያገለግላል። እንዲህ ያለ መሣሪያ ያለው ድርጅት አሮጌውን ኮምፒውተር ከመጣሉ በፊት አዲሱ ማሽን ላይ እነዚህ ፖርቶች መኖራቸውን ያረጋግጥ። ከሌሉ የዩኤስቢ ኮንቨርተር አለ፤ ነገር ግን የራሱን ድራይቨር፣ ማለትም የሚያሠራውን ፕሮግራም ይፈልጋል። በተለይ የፓራለሉ ኮንቨርተር አብዛኛውን ጊዜ ለፕሪንተር ብቻ ነው የሚሠራው።

አንድ ማሳሰቢያ እንጨምር። ዊንዶውስ ኤክስፒ የተጫነበትን አሮጌ ማሽን ከኢንተርኔት ጋር አታገናኙት። ማይክሮሶፍት ለኤክስፒ የጥበቃ ማሻሻያ መስጠት ያቆመው እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2014 ነው። ከሰው ሁሉ የሚመጣ ፍላሽም ሳይፈተሽ አይሰካበት።

ዕቃው በእውነት ሲያበቃለትስ? ከቆሻሻ ጋር አይጣል፤ መቃጠልም የለበትም። የገመዱ ላስቲክ ሲቃጠል የሚወጣው ጢስ መርዝ ነው። አገራችን ለዚህ የኤሌክትሪክና ኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ አያያዝና አወጋገድ ደንብ ቁጥር 425/2010 አላት፤ በአዲስ አበባ አቃቂም ያገለገሉ ኮምፒውተሮች የሚፈቱበት ማዕከል ተቋቁሟል። ድርጅቶችና ትምህርት ቤቶች ዕቃቸውን አጠራቅመው በሕጋዊ መንገድ ማስረከብ ይጠበቅባቸዋል። ከማስረከባችሁ በፊት ግን አንድ የሚሠራ የፒኤስ ቱ ኪቦርድ አስቀሩ።

አድማጮቻችን፣ ጥያቄዎቹን ጻፉ።

አንደኛ፦ ሶኬቱ ልክ ሆኖ ገብቶ ኪቦርዱ ሳይሠራ የሚቀርበትን አንድ ምሳሌ፣ ሶኬቱ ተለውጦ ቋንቋው ያልተለወጠበትንም አንድ ምሳሌ ስጡ።

ሁለተኛ፦ "ኤፍ 1ን ተጫኑ" የሚል ማሽን የዩኤስቢ ኪቦርዳችሁን ካልሰማ በቅደም ተከተል ምን ታደርጋላችሁ?

ሦስተኛ፦ የፒኤስ ቱ ኪቦርድ ማሽኑ በርቶ ሳለ የማይሰካው ለምንድን ነው?

የኮምፒውተር መምህራን፣ ሦስቱንም በክፍላችሁ ካለው ማሽን ጋር እያያዛችሁ ተማሪዎቻችሁን አወያዩበት። በሚቀጥለው ዝግጅታችን መልሱን ይዘን እንመጣለን፤ ቀጥለንም በቀድሞ ፎንቶች የተጻፉ የአማርኛ ሰነዶች ወደ ዩኒኮድ እንዴት እንደሚቀየሩ እንነጋገራለን።

(የመዝጊያ ዜማ)